ከግድግዳው ወዲያ

ሒሳብ ነው የማስተምረው፤ ክፍሌ የኳየሩን ክፍል ይጎራበታል፤
ግድግዳው ስስ ነው፤ እዚያ ላስነጠሰ እዚህ «ይማርህ» ይባላል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በቁምቡ ክረምት፣ በቁምቡ በጋ፣
ቴምባካዚን ሰማኋት ወንበር ስትደረድር፣ መስኮት ስትዘጋ፣
ስም ስትጠራ፣ ድምጽ ስትሰጥ፣ በጭብጨባ ስትመታ፣
አልቶው ሲደክምባት እሷው አልቶ ሆና ገብታ።

ሠላሳ ስምንት ልጅ፣ አንድ ጉሮሮ።
የዚያ ጉሮሮ ነገር አበቃለት ዘንድሮ።

ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት ዝም በይ» አላት፤
ዝም ማለት ለማታውቅ ሴት ዝምታ ታዘዘላት።
ውድድሩ ሊደርስ ግን ስድስት ሳምንት አይሞላም፤
(እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔ ፈተና ላይ እንኳ አላወጣም።)
ርእሰ መምህሩ «ምትክ እንቅጠር» ቢሉ፣ ራሷን ነቀነቀች፤
«ምትኮቼን አሳድጌያለሁ፤ አልነገርኳቸውም እንጂ» ብላ ጻፈች።

ጠመኔ አነሣች። ሰሌዳው ላይ ያየሁት ከበር
የዘፈን ስም አልነበረም፤ የሥራ ድልድል ነበር፦
ቁልፉ፣ ምፉንዶ። መቃኛው ሹካ፣ አያካ።
ባሶቹን፣ ልዋንዲሌ፤ ሲስቅ እንኳ ቆርቆሮ የሚያንኳኳ።
መዝገቡን፣ ቡሌልዋ፤ ከሁሉም ያነሰች፣
ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯ መሬት ያልደረሰች።

የመጀመሪያውን ሳምንት፣ እውነቱን ልናገር፣
ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ወትፌ ነበር።
አያካ ሹካውን በጉልበቷ መታች፣
ወደ ጆሮዋ አስጠግታ «ዶ» ብላ አወጣች፤
ዶው ዝቅ ብሎ ኖሯል፤ ባሶቹ ጉድጓድ ገቡ፤
አልቶዎች ተከተሉ፤ ሁሉም እዚያው ተሰበሰቡ።
ቴምባካዚ እጆቿን ከጭኗ ሥር ቀብራ ተቀምጣለች፤
እንዳይነሡባት ይመስለኛል። አላረመች።

ልዋንዲሌ መሪ ሲባል አለቃ መሰለው፤
የዘገየን ቀጣ፤ የሳተን «ውጣ!» አለው፤
በሁለተኛው ሐሙስ ከዘጠኝ ባስ አምስት ቀረለት፤
ዞላኒ እንኳ፣ ያ ለዘፈን ሲል እራቱን የሚረሳው፣ ጥሎት ሄደበት።
ያን ዕለት ለቅሶ ሰማሁ ከግድግዳው ወዲያ፤
አንድ ጎረምሳ፣ ብቻውን፣ ከቁም ሣጥኑ ጉያ።
ለማንም አልነገርኩ፤ ለእሱም አልነገርኩት፤
ግድግዳው የሰጠኝን እዚህ ነው ያወጣሁት።

በማግስቱ ልጁ ታክሲ ተራ ታየ።
ዞላኒ ሚኒባስ ያጥባል። ልዋንዲሌ ራቅ ብሎ ቆየ፣
ከዚያ ጨርቅ አነሣ። ጎማ ጎማውን ይዘው
«ሶ፣ ሶ፣ ላ፣ ፋ» እያሉ አረፋ መሃል አጠኑት፣ ጎንበስ ብለው።
ሾፌሮቹ ጡሩምባ ነፉላቸው፣ ያለ ቅኝት ቢሆንም።
ሰኞ ባሱ ስምንት ነበር። ዘጠነኛው እስከ ዛሬም አልመጣም።

አያካ ማርፈድ አልተወችም፤ ግን ሹካው ከኪሷ አይለይ፤
ዶዋን እያንጎራጎረች ነው የምትመጣ በአቧራው መንገድ ላይ።
አንድ ቀን ጀምራ፣ ተሳስታ፣
«ቆይ» አለች። አቋረጠች። እንደገና መትታ
ጆሮዋን አዘነበለች፤ ለሹካው፣ ከዚያ ለክፍሉ፤
ሠላሳ ስድስት ልጅ ትንፋሹን ይዞ ጠበቃት በሙሉ።
ቃኘች። ሹካውን ይሁን ልጆቹን አልለየሁም፤
ከዚያ በኋላ ግን ጥጥ በጆሮዬ አላደረግሁም።

ምታታ ላይ ሦስተኛ ወጡ። ዋንጫ አልሰጧቸውም፤
ወረቀት ሰጧቸው፤ የትምህርት ቤቱን ስም እንኳ በቅጡ አልጻፉትም።

በሰባተኛው ሳምንት ድምጿ ተመለሰ፤ ይሻክራል ጥቂት።
ሰኞ ማልዳ መጣች፣ ልትከፍት እንደ ጥንት፤
ከቦርሳዋ ቁልፍ ፈለገች፤ ትዝ አላት፤ ሳቀች።
በሩ ገርበብ ብሏል፤ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ዶዋም ተሰጥታለች።
ከበሬ ቆሜ አየኋት፤ እጇን አነሣች፣
አወረደች፤ ደግማ አነሣች፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የከፈተችውን በር አንኳኳች።

ቡሌልዋ ብቅ አለች፣ መዝገቧን አቅፋ፣ ኮስተር ብላ፦
«መምህርት፣ ያረፈደ የሚቆመው ከኋላ።»

ገባች። ከባሶቹ ዘንድ የዘጠነኛው ቦታ ክፍት ነበር፤
እዚያ ቆመች። በዚያ በሻከረ ጉሮሮማ ከባስ ሌላ ምን ልትዘምር!