የወሩ መርሐ ግብር

ጥቁር ሰሌዳዬን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፣
ያለፈውን ወር ጠመኔ እስከ ጥጉ አጠብኩ፤
ከዚያ በነጩ ጀመርኩ። ጣቴ በብርድ ደንዝዞ
«ቅዳሜ» ስል «ቅ» ወጣ፣ አንድ እግሩ ተመዝዞ።
ይሁን። ደብረ ብርሃን ነው፤ ፊደልም ይበርደዋል።
ሰው እንደሁ ያነበዋል።

ጠባሴ መውጫ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ስልሳ ሁለት ወንበር፣ ሦስቱ እግር ያነሳቸው፣ አንድ መድረክ አለን፤
«ትያትር ቤት» ተብሏል። ዝናብ የመጣ 'ለት
ቆርቆሮው ነው ዘፋኙ፤ ሌላው ሁሉ አድማጭ ነው በዚያ ሰዓት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ፦ ጋሽ እንግዳሸት፣ ከሞላሌ፣ ማሲንቆ።
በአይሱዙ ነው የሚመጣው፣ ከበጎች መሀል ተጣብቆ፣
የፈረስ ጭራውን ከጋቢው ሥር ደብቆ፤
ይህን ግን አልጻፍኩም። መግቢያ ሃምሳ ብር።
የሌለው ከኋላ ይቁም፤ የቆመ ሰው አይባረር።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ብሉዝ በጊታር፤ ደምመላሽ።
ያ የማሽን ቁጥር አሥራ አራት፣ ያ የሌሊት ፈረቃ ደምመላሽ፣
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ሱፉን አብሮኝ ያበጠረ፣
ብናኙ ደረቱ ውስጥ እስካሁን ያደረ።
«ብሉዝ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ባለ ወፍጮዋ፤ ከንፈሯን አየሁት።
«ትዝታ ነው፤» አልኳት፣ «ደሞዝ የዘገየበት።»

ሦስተኛው ቅዳሜ፦ ፊንታን፣ ከአየርላንድ፣ ቫዮሊን።
ያ ጢሙ የዛገ ምስማር የሚመስለው፣
ከበሬሳ ማዶ ሦስት ጉድጓድ የቆፈረልን፣
አንዱ ውሃ የሰጠን፣ ሁለቱ ድንጋይ ያሳዩን።
ውሃ ያገኘ ማታ ይጫወታል፤ ያጣም ማታ ይጫወታል፤
የአገሩ ዜማ መቆሚያ የለውም፣ እንደ እንዝርት ይሾራል፣
መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይገባል፤
ይላሉ።

እኔ ምን አውቄ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሽመናው ማሽን በጆሮዬ ገብቶ
አልወጣም፤ እዚያው ቀረ፣ ቤት ሠርቶ፣ በር ዘግቶ።
ሐኪሙ በወረቀት ጻፈልኝ፣ በቁራጭ፦
«ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ አይመለስም።» ሆንኩ ትኬት ቆራጭ።
ሥራው ጆሮ አይጠይቅ። ብር እንደሁ መልኩ ነው የሚታየው፤
ድምፁን ማን ሰምቶ ያውቃል?

ግን ሰው ሁሉ ገብቶ መጋረጃው ሲከፈት፣
የዋንዛው በር ነው ያለኝ፣ መዳፌን የምለጥፍበት።
ማሲንቆ እንደ ጉንዳን በጣቶቼ ጫፍ ይሄዳል፤
ጊታሩ ክርኔ ድረስ ወጥቶ እዚያ ይቀመጣል፤
ፊንታንን በጫማዬ ነው፣ ወለሉ ሲረገጥ፤
በሽንቁሩም አያለሁ፣ የሰው ጀርባ ሲለወጥ፦
ትዝታ ሲሆን ሁሉም ትንሽ ያጎነብሳል፣
አንቺሆዬ ሲሆን ትከሻ ይላወሳል፣
ባቲን ገና አላወቅኩትም፤ ሰው ባቲ ላይ ይዋሻል።

ባለፈው ወር መብራት ጠፋ።
አበቃ ብዬ ትኬቴን ሰብስቤ፣ ሳጥኔን ቆልፌ፣
ልሄድ ስል በሩን ነካሁ፤ እየሄደ ነው በመዳፌ!
በዚያ ድቅድቅ ስልሳ ሰው ተቀምጦ፣ አንድም አልተነሣም፤
ያን ማታ የኔ እጅ ከማንም ጆሮ አላነሰም።

አራተኛው ቅዳሜ፦
ሦስቱ አብረው ነው ይላሉ። ገና በቅኝት እየተጣሉ ነው።
ማክሰኞ ልምምድ ላይ በሩን ያዝኩ፣ ልለይ፦ የማን የቱ ነው?
ጣቴ ላይ ተምታታብኝ። ደስም አለኝ፣ ፈራሁም፤
ማሽን አሥራ አራትን መሰለኝ፤ ግን ክር አልበጠሰም።
ስማቸውን ባንድ መስመር ጻፍኩ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳልጨምር።

ከታች፣ ጠመኔው ሊያልቅ ሲል፣ በትንሹ፦
ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ፤ አዳራሹ ይነፍሳል።
የምንጀምረው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ያረፈደም ይገባል።
ብቻ በሩን ቀስ፤
እጄ አለበት።