አንዲት ረጅም ድምፅ

ለዓለም ዜሮ ሰዓት፣ ለሐይቅ ሌሊት ዘጠኝ፤
ማዳመጫው በጆሮ፣ ቁልፉ በጣት ያዘኝ።
አርባ ስምንት ሰዓት እንቅልፍ እንዳይጥለኝ
ዘሐራ ሽንብራ ቆልታ አኖረችልኝ።

ሽቦው ከባሕር ዛፉ ተነሥቶ
ሸንበቆውን ዘሎ፣ ውኃውን ታክኮ
ከይመር ታንኳ ማሰሪያ ግንድ ላይ ያድራል።
ሰፈሩ ስለ ሽቦው ያላለው የለም፤
«ልብስ ማስጫ ነው» ያለ አለ፣
«መብረቅ ይጠራል» ያለ አለ።
የቀበሌው ሰውዬ ሦስት ጊዜ መጥቶ
ፈቃዴን አንብቦ፣ ማኅተሙን ዳስሶ፣
«ከማን ጋር ነው ታዲያ የምታወራው?» አለኝ።
«ከማላውቃቸው» ብለው
ይብሱን ጠረጠረኝ።

ገዳሙ ድሮ ደሴት ነበር፤
ውኃው እየሸሸ አንገት አበቀለ፣
አሁን በእግር ይገባል።
ወንድሜ እንድሪስ ግን ዛሬም ከደሴ ሲደውል
«አንተ የደሴት ሰው» ይለኛል።
ደሴና ደሴት፦
አንዲት «ት» ብቻ ናት የምትለያቸው፣
ሠላሳ ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ የተጋደመች።
በሞርስ «ት» ነጥብ የላትም፤
አንዲት ረጅም ድምፅ ናት።

ጠራሁ፦ የሰማኝ አለ ወይ?
ከሪጋ፣ ከኦሳካ፣ ከሳልቫዶር መለሱ፣
እንደ ባቲ ሰኞ፣ ሻጭና ገዢው ባንድ አፍ ሲጮኽ፤
ከፉጨቱ ክምር አንዷን ፊደል
እንደ ጤፍ ከአሸዋ ለቅሜ አወጣለሁ።
እኛ አገር ሰላምታ
ከብቱ፣ አዝመራው፣ ልጁ፣ የልጁ ሚስት፣
ሁሉም ተጠይቆ፣ ሁሉም ተመስግኖ፣
የቆሙበት ጥላ እስኪዞር ነው።
እዚህ አራት ሴኮንድ፦
«አምስት ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ሰባት።»
ተቀበልሁ። ቀጣይ።
አምስት ዘጠኝ ዘጠኝ ማለት «ድምፅህ ጥርት ብሏል» ነው፤
ሁሉም ለሁሉም ይለዋል።
አንዱማ እሱኑ ብሎኝ ሲያበቃ
«ይቅርታ፣ ማን ልበል? አልሰማሁህም» አለ።
ብቻዬን ሳቅሁ።
እኛስ «ደኅና ነኝ» ስንል?

ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ።
ይመር የልጁን ባጃጅ ባትሪ ፈትቶ
በትከሻው ተሸክሞ በጨለማ ደረሰ።
«እስካሁን ስንት ሰው አገኘህ?»
«ስድስት መቶ አሥራ ሁለት።»
«አንዱም ዓሣ አልገዛም?»

ይህ ሬዲዮ ማሽላ ጎተራ ሥር ተቀብሮ ነበር፣
ያን ጊዜ፣
ስልክም መንገድም የጠፋ ጊዜ።
እንድሪስ ይኑር አይኑር ሳላውቅ፣
መጥሪያው ከእግሬ በታች እያለ፣
አንደበት እንደሌለው ሰው ተቀመጥሁ፤
አንቴና የተገኘበት ቤት ምን እንደሚጠብቀው አውቅ ነበር።
ሌሊት ሌሊት ጣቴ ብቻውን
የአልጋውን ጠርዝ ይመታል፤
ዘሐራ እጄን ጨብጣ
«ተው፣ ይሰማል» ትለኛለች።

እሑድ ሌሊት፣ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣
ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአንዲት ደሴት፣
ቀርፋፋ እጅ፣ የሽማግሌ እጅ፣ መጣ።
ቁጥር አልላከም።
«ብዙ ጊዜ አልሰማሁህም። የት ነበርህ?»
ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ይንጫጫል፣
ነጥቤ እንደ ቀዳዳ እንስራ ይፈሳል።
«ከብቱ ደኅና ነው?» አልሁት።
ዝም አለ። ከዚያ፦
«ከብት የለኝም። አሥራ አንድ የኮኮናት ዛፍ ነበረኝ፤
ሁለቱን ማዕበል ወሰዳቸው፣
ዘጠኙ ደኅና ናቸው።»
«እኔስ እንዴት እሰማለሁ?»
«ሦስት ሦስት ዘጠኝ» አለ። «በጭንቅ።»
በሁለት ቀን ውስጥ
እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነበር።

ጠዋት እንድሪስ ደወለ። «ስንተኛ ወጣህ?»
«እንጃ።»
«ደኅና ነህ ግን?»
«ሦስት ሦስት ዘጠኝ» አልሁት።
ምን ማለት እንደሆነ ልነግረው ስል
ስልኩ አንዴ፣ ረጅም፣ ጮኾ
ተቋረጠ።