የማዞሪያው እጀታ

መምህራችን ሰሌዳው ላይ
«ጦርነቱ የዞረባቸው ቀናት» ብሎ፣ አራት ቁጥር ደርድሮ፣
ከጎናቸው የሩቅ ተራራ ስም፣ የጦር አዝማች ስም ዘርዝሮ፣
እኔ ደብተሬ ላይ የሣልኩት
አንድ ክንድ ብረት ነበረ፤
አዳማ ባቡር ጣቢያ፣ ከውኃው ጋን ማዶ የቀረ፤
አባቴ ቡልቶ ዋሪዮ አምስት የጠላት ዓመት ያዞረው፣
መዳፉን እንደ ሞረድ ያሻከረው።

ወደ ግራ ሲገፋው ዋናው ሐዲድ ይገጥማል፤
ወደ ቀኝ ሲስበው ባቡሩ ጥግ ገብቶ ይቆማል።
ከዚህ ሌላ የሚያውቀው የጦር ስልት አልነበረም።

የሃያ ስምንቱ ክረምት፣
ጣቢያው ላይ ባንዲራው በተለወጠ በሦስተኛው ሳምንት፣
ዱቄት የጫነ ፉርጎ፣ እሾህ ሽቦ የጫነ ፉርጎ፤
አባቴ እጀታውን ያዘ፣ ዐይኑን መሬት ላይ አድርጎ።
«እንጀራ ነው» አለ።
ማንም ሳይጠይቀው።

የካቲት ላይ፣ በውድቅት፣ አንድ ፉርጎ መጣ፤ በሩ በሚስማር የተመታ።
ከብት መስሎት ነበር። ከብት ግን አያስልም በተርታ፤
ከብት በጣውላው ስንጥቅ ጣቱን አያወጣም ቀስ ብሎ፣
ወረቀት አይጥልም አራት ቦታ አጥፎ፣ ጠቅልሎ።
አባቴ ፊደል አይለይም።
ካፖርቱ ገበር ውስጥ ሰፋው።
ከዚያ (ይህንንም አልደበቀኝ)
እጀታውን ወደ ግራ ገፋው።
ፉርጎው አለፈ።

በሠላሳ፣ በኅዳር፣ ከወንጂ በኩል ካለው ሸንበቆ
አንድ ልጅ እግር መጣ፤ ጎፈሬው አቧራ የጠጣ፣ ጠመንጃው በገመድ ታንቆ።
ደበሌ እባላለሁ አለ፤ እውነቱን ይሁን ማን ያውቃል።
«ወደ ግራም አትግፋው፣ ወደ ቀኝም አትሳበው፤
ግማሹ ላይ ስትደርስ፣ ደክሞህ እንዳረፍክ አስበው።»

ግማሽ!
ሙሉ ዕድሜውን የፈራ ሰው በግማሽ ብረት ጀገነ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰባት ፉርጎ ተገለበጠ፣ ዱቄቱ እንደ ጉም በነነ።
ሜዳው ነጣ። ውሾቹ ነጡ። ሸንበቆው ተኮሰ።

ጎህ ሲቀድ የተያዘው አባቴ አልነበረም።
ፋኖስ አብሪው ጌዲ ነው፤ የኢሳ ልጅ፣ ሣቁ ከሩቅ የማይሰወር፤
ዱቄት ፀጉሩ ላይ ተገኘ።
(በዚያ ጠዋት የማን ፀጉር ላይ ያልነበር?)
ከውኃው ጋን እግር ላይ ሰቀሉት።
አባቴ ያን ቀን እጀታውን ዘይት ቀባ፤ እንደ ወትሮው ታዘዘ፤
እስኪሞት ድረስ ግን፣ ዱቄት በነካ ቁጥር እጁ ፈዘዘ።

የመጨረሻው? እሱማ ድምፅ አልነበረውም።
መጋቢት ሠላሳ ሦስት፤ የአዋሽ ድልድይ ፈርሶ፣
ወረቀት ሲያቃጥሉ ያደሩት ሹሞች በካሚዮን ወጡ በማለዳ፤
ከሰዓት ሌላ ካሚዮን ገባ፣ ጥቁር ወታደር ጭኖ፣ ቋንቋቸው ለሁላችን እንግዳ።
ገበያው እልል አለ።
አባቴ ብቻውን ሄዶ፣ ለማይመጣ ባቡር፣
እጀታውን ወደ ቀኝ ስቦ፣ መልሶ ወደ ግራ ገፍቶ፣
እስኪጨልም ቆየ፣ እንደ ሕፃን ተጫውቶ።

ኋላ ሜዳሊያ ሲታደል ሰልፉ ውስጥ አልገባም።
«የቱን ልቁጠርላቸው? አንዱን ገፋሁ፣ አንዱን ተውኩ፤
ሒሳቡ ለኔም አልገባም።»

ፊደል የለየሁ ዕለት የካፖርቱን ገበር ተረተርን።
አንድ መስመር ተኩል፤ ላብ ያደበዘዘው፦
«ለአስካለች። የጓሮው በር ቁልፍ ከንብ ቀፎው ሥር ነው።
የወተቱን ዕዳ ለወይዘሮ ይርገዱ ክፈዪ።»
አገር የሚል ቃል የለበትም። ድል የሚል የለበትም።
አድራሻም የለበትም።

አሁን ባቡሩ ከከተማ ውጭ ያልፋል፣ በኤሌክትሪክ፣ ሳያፏጭ።
አሮጌው ሐዲድ ላይ ባጃጅ ያጥባሉ።
ትናንት በሰማንያ ዓመት ክንዴ እጀታውን ያዝኩት፤
ግራም አላለ፣ ቀኝም አላለ።
አንድ ሊስትሮ ጠጋ ብሎ
«እማማ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለ።

«ቁልፍ» አልኩት።