ስምንት ብሎን

ኢሶቤል ማክሊሽ መጣች፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ዝናብ እያካፋ፣
የበግ ተጎታቿን ደጄ ገትራ፣ ቸርኬውን በሸራ አቅፋ።
«ፍታልኝ» አለች። ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አኖረችው፤
አንገቱ እንዳልጠና ሕፃን በመዳፏ ደገፈችው።

የአባቷ አይሮፕላን እግር ነው። ባለ ድርብ ክንፍ፣ ጨርቅ ለባሽ፣
በሳውዝላንድ ኮረብታ ሁሉ ማዳበሪያ በታኝ፣ አቧራ አልባሽ፤
በየበጉ መስክ ያረፈ፣ በየአጥሩ ጥግ የተኛ፤
ሰውየው ከሞተ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት የጎተራ እስረኛ።

እኔ ቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ሃሚ እባላለሁ። መብረር አልወድም፤
ሰማይ ቤት ያለውን ባላውቅም፣ ብረት ሲዋሽ ግን አያመልጠኝም።
ለሁለት የተከፈለ ቸርኬ ነው፣ ስምንት ብሎን ያጋባው፤
ከሰባ ዓመት ትዳር በኋላ መፋታት እንዴት ይግባው!
ዘይት አጠጣሁት፣ በእሳት ለመንኩት፣ አንድ ሌሊት አሳደርኩት፤
ሰባቱ ወጡ። ስምንተኛውን አንገቱን ቆርጬ አወጣሁት።

ጥርሳቸውን በመለኪያ ዳሰስኩ። ከየትኛውም አልገጠመም።
የጥንት እንግሊዝ ጥርስ ነው፤ ዛሬ እንዲህ የሚነክስ የለም።

ለፋብሪካው ጽፋ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መልስ አገኘች፤
የጻፈችላት የሕንጻው የጽዳት ኃላፊ ነበረች፦
«እመቤቴ፣ ፋብሪካው መኖሪያ ቤት ከሆነ ቆየ።
ከደረጃው ሥር አንድ አሮጌ ሣጥን አለ ብዬ
ከፍቼ አየሁልሽ። አምፖል ነው።»
ደብዳቤውን አጣጥፋ ከቦርሳዋ አልለየችውም።
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ኩሽኔታው ባሰ። ቁጥሩ ተፍቋል። በናፍጣ አጠብኩት፣
በጠመኔ አሸሁት፣ መብራት ሥር አጋድሜ አነበብኩት፤
አራት አኃዝ ብቅ አለ። አምስተኛው እንደ ጠፋ ቀረ።
ተያይዘን ትራክተር ዕቃ መደብር ሄድን። ኮልቢ የሚባል ልጅ ነበረ፣
ጢሙ ገና ያልወሰነ። መዝገብ አልገለጠም። በመስኮት አየ፤
«ከዚያ ተጎታች እግር ውስጥ ያለው አይደለም?» ብሎ ጠየቀ።

ነበረ።
የገዛ ተጎታቿ። አራት ዓመት ሙሉ በሦስት አህጉር ስትፈልገው፣
በየሐሙሱ ገበያ በግ ጭኖ ከኋላዋ የሚከተለው።
ሳቀች? አልሳቀችም። ዝናቡ ላይ ወጥታ ቆመች፤
የተጎታቹን ጎማ በጫማዋ ጫፍ አንዴ መታ አደረገች።

ብሎኖቹ ከክራይስትቸርች መጡ፣ በትንሽ ከረጢት፣ በማኅተም፤
መርማሪው ፍሊንት ጥንቁቅ ሰው ነው፣ መነጽሩን ሳይወለውል አያምንም።
«ወረቀት የሌለው ብሎን» ይላል «ወፍጮ ቤት ገብቶ ይሥራ፤
ሰማይ የሚወጣ ግን የአባቱን ስም ይጥራ።»
የቀለጠበትን ቀን፣ የተፈተነበትን ክብደት አነበበ፣ ፈረመ።
ቀዳዳው ግን አርጅቶ ሰፍቷል፤ አዲሱ ብሎን ገብቶ ዘመመ።
ሰባ ዓመት አንዱን ይዞ የኖረ ቀዳዳ የሌላውን ልክ ይረሳል።
ነሐስ አመጣሁ፤ ከቶርኖዬ ፊት ሁለት ቀን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ፤
በብሎንና በቀዳዳ መሃል ያለችውን ባዶ ለክቼ
ስምንት ቀለበት አድርጌ ቀረጽኩ።

ዓርብ ማታ ገጠምነው። ግራሶ ሞላሁ፣ ዳዶውን በልኩ አጠበቅኩ።
«አዙሪው» አልኳት።
ዞረ። ዞረ። ኮሽታ የለውም። እንደ ሐሳብ ዝም ብሎ ዞረ።

ቆየችና፣ «የአባቴ» አለች፣ «ይጮህ ነበረ።
መስኩን ሲነካ፣ ጅራቱን እንደተረገጠ ነገር፣ ከወንዙ ማዶ ይሰማል፤
እናቴ ድንች የምትጥደው ያኔ ነው። ሌላ ምልክት አልነበራትም።»

ምን ልበላት? እጄን በጨርቅ ጠረግኩ።
አሮጌዎቹን ብሎኖች በማርማላታ ጠርሙስ ሰጠኋት፤
ከጆሮዋ አስጠግታ አንዴ ነቀነቀችው።

ሁለተኛው ቸርኬ ተጎታቹ ላይ ነው።
ገና አልተፈታም።