የመበለቷ በር

ደብተሩ ሁለት ፊት ነው፤ ከወዲህ ሲገለጥ፣
መዝሙረ ዳዊት ነው፣ ቀጥ ያለ፣ የማይናወጥ፤
ገልብጦ ከወዲያ ለጀመረው ደግሞ፣
የጭፈራ ዜማ ነው፣ በችኮላ ተለቅሞ።
ኅዳጉ ላይ የወፍጮ ዕዳ አለ በእርሳስ፣
ሦስት ጆንያ ገብስ፣ ያልተከፈለ እስከ ዛሬ ድረስ።

ጄቤዝ ተርሎ ይባላል፣ የወፍጮ ቤት ልጅ ነው፣
ቫዮሊኑ አንድ ጅማት ሁሌ የሚጎድለው፤
እሑድ በቤተክርስቲያን ሰገነት ይመታል፣
ማክሰኞ በጎተራ የሰው እግር ይፈታል።

ባሏን ባሕር የበላው ኬዛያ ሎቭሪጅ፣
በሯን ዝገት ይዞት አይከፈትም በእጅ፤
በትከሻ ሲገፉት ይሄድ፣ ይሄድና፣
ቀጥ ይላል አንዲት ምት፣ እንደ ሰው ልቦና።
ጄቤዝ ያቺን ቀጥ ማለት ከዜማው ከተታት፣
በሰባተኛው ቤት ትርፍ ቦታ ሰጣት፤
ወንዱ እጁን ዘርግቶ፣ ሴቷ እግሯን አንሥታ፣
አየር ላይ ይቆያሉ፣ በሯ እስክትፈታ።
ገብቶ ነበር ወይ? ደብተሩ አይናገርም፤
ገብስ ይቆጥራል እንጂ ፍቅር አይመዘግብም።

ከዚያ ኦርጋን መጣ፣ ባለ ወናፍ፣ ውድ፣
ቄሱም ሰገነቱን አዘዙ እንዲናድ።
ቫዮሊን ታቅፈው ወረዱ ሙዚቀኞች፣
ዜማዋም ስም ለወጠች፦ «የቄሱ ወናፎች»።
ብሪስቶል ስትወርድ ደግሞ «የሰካራም ድልድይ»፣
ስም እየቀያየረች፣ ምቷን ግን ሳትለይ።

ኋላ በብስክሌት አንድ ሊቅ መጣና፣
የድሆች ማደሪያ ገባ፣ ባርኔጣውን አነሣና፣
ከሄፕዚባ አልጋ ጫፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣
«እስኪ አንጎራጉሪ» አላት እርሳሱን መጥጦ።
ጥርስ አልነበራትም። በድዷ፣ በጣቷ፣
የአልጋውን ብረት መታች፤ ሰባተኛው ቤቷ
ሲደርስ ቀጥ አለች።
«አርጅታለች» ብሎ ጻፈ በትዝብት፣
በላጲስ አጠፋት ያቺን ትርፍ ምት።
ስምንት በስምንት ሆነ፣ ተስተካክሎ ታተመ፣
ትምህርት ቤት ገባ፣ ልጅ ሁሉ ቀሰመ።
ጦርነቱ አልፎ፣ ወንድ ሲጎድል ከሰልፉ፣
ሴቶች ተያይዘው ባዶውን ቦታ አለፉ፣
ያለ በሯ፣ በጥድፊያ።

እኔ ደብተሩን ያገኘሁት ከአክስቴ ጣሪያ ሥር ነው፣
አይጥ ዳዊቱን በልታ፣ ዳንኪራውን የተወችው።
ዓርብ ማታ አዳራሽ፣ ማሞቂያው ሲንኳኳ፣
ሰባተኛው ላይ አቆምኩ፤ ሰው ሁሉ ተነካካ።
አንዷ ሳቀች። ጡረተኛው ፖስተኛ ሴድሪክ፣
ጫማውን እያሸ ጮኸብኝ፦ «ተሳሳትክ!»

«እንደገና» አልኩኝ። ሦስተኛው ዙር ሲደርስ፣
ሠላሳ እግር አየር ላይ ቀረ፣ ሳይመለስ፤
አንዲት ምት ዝም አለ አዳራሹ በሙሉ፤
የማን በር እንደ ሆነ፣ ማን ገፋው ሳይሉ፣
ገቡ።