ካቻቢቴ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ዊኒፔግ ጋራዥ ውስጥ፣
የከባድ መኪና ሆድ ሳዳምጥ ኖርኩ።
የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ተክዬ፣
እጀታውን ከጆሮዬ ጀርባ፣ አጥንቴ ላይ አስደግፌ፣
“ይሄ ኩሽኔታ ነው” እላለሁ፤ “ያኛው ቫልቭ።”
ኮምፒውተር የያዙት ልጆች ይስቃሉ፤
ሲፈታ ግን እንዳልኩት ነው።

ኋላ ማጅራት ገትር መጣ።
ዘጠኝ ቀን በትኩሳት ነደድኩ፤ በአሥረኛው ስነቃ
አልጋነሽ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣
እንደ ዓሣ።
“መስኮቱን ዝጊው” አልኳት፣ ወይም ያልኩ መሰለኝ፤
የገዛ ቃሌን እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ
ተረት ይመስለኝ ነበር።

ስድስት ክረምት የሚስቴ ድምፅ ደብተር ሆነ።
ስትቆጣ ብዕሯ ወረቀቱን ይበሳል፤
ንዴቷን ገጹን ገልብጬ
በጣቴ አነባለሁ።

ዛሬ ዶክተር ፍሪዘን ነጩ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፦
“ጆሮህ መሞቱን እናውቃለን።
የማናውቀው ሽቦውን ነው፤
ከጆሮህ እስከ አንጎልህ፣ በሕይወት አለ ወይ?”
ሽቦ አለኝ። ሙያዬን አይቶ ነው። ወደድኩት።

ፀጉር የምታክል መርፌ በታምቡሩ አሳልፎ
ከቀንድ አውጣው ደጃፍ፣ አጥንቱ ላይ አቆማት።
ቀንድ አውጣ ይሉታል፣ ዙሮ የሚጠቀለል፣
አተር የምታህል ጎጆ፣ ድሮ ድምፅ የሚጠለል።
ሳቄ መጣ። ካቻቢቴ!
ስንቱን ሞተር የመረመርኩበትን ዘዴ
ገልብጦ እኔው ላይ!

ሮዋና ክንዴ ላይ ውሃ ወጋችኝ፣
በየሁለት ደቂቃው ግማሽ የምትሞት፣
ደም ወደሮጠበት አብራ የምትሮጥ፣
ምስጢሩን ለማሽኑ በቁሟ የምትሸጥ።
“የተሰማህ ነገር ካለ ጣትህን አንሳ።”

ኮረንቲ ለቀቁ።
ምንም።
ጨመሩ። ምንም።
ጣሪያው ላይ አንዲት የደረቀች የውሃ እድፍ አለች፤
እሷን አየሁ።
ጨመሩ።
ያን ጊዜ፣ ከወዲያ፣
ከቀኝም ከግራም ያልሆነ፣
ድምፅ አይሉት ማሳከክ፣ ማሳከክ አይሉት ድምፅ፣
ጨለማ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ እንደሚታወቀው ያለ
አንድ ነገር።
ጣቴ ራሱ ተነሳ።

ምስሉን አሳዩኝ። ከጆሮዬ ከፍ ብሎ
ፍም መስሎ ቀልቷል።
ዶክተሩ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፦ “የምትሰማው እዚህ ነው።”
ሌላ ምስል አመጣ፣ ቀደም ያለ፣
ጣቴን ያላነሳሁበት፤
እዚያም ቀልቷል፣ ፈዘዝ ብሎ።
ለካ እኔ “ምንም” ስል
እዝነ ልቡናዬ ሰምቶ ኖሯል፤
ሰምቶ፣ ሳይነግረኝ።
ተቀየምኩት።
ስድስት ክረምት መብራቱን አጥፍቶ፣
በሩ ሲንኳኳ ዝም ያለ ጎረቤት!

ሮዋና ጻፈች፦ “ምን ይመስል ነበር?”
“የላላ ቺንጋ” አልኩ። “ጠዋት፣ ብርድ ላይ።”
ሳቀች፤ ጥርሷን አየሁ።
ዶክተሩ አልሳቀም። ሰሌዳውን ጠርጎ
“ኮረንቲ ድምፅ የለውም” ብሎ ጻፈ።
“ቺንጋው ያንተ ነው።”

ቀዶ ጥገናው መጋቢት ላይ ነው። አልማሉልኝም፤
መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ
እንደ ዳክዬ ሊያወራ ይችላል አሉ።
ዳክዬም ይሁን።

ወጣን። ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት።
እዚህ አገር መኪና በክረምት
በገመድ ከግድግዳ ኮረንቲ ሲጠባ ይውላል፣
ዘይቱ እንዳይረጋ፣ ሞተሩ መነሳት እንዳይረሳ።
ገመዱን ነቀልኩ፣ ጠቀለልኩ።
አልጋነሽ ቁልፉን አዞረች።
ኮፈኑ ከመዳፌ ስር ተንቀጠቀጠ።
ልማድ ነው፤ ጎንበስ ብዬ
አጥንቴን ብረቱ ላይ አስጠጋሁ።
ብርዱ ነከሰኝ።
ሌላ ምንም።
በመስታወቱ ውስጥ ታየኛለች።
ጣቴን አነሳሁ።