የላላ እንዴት ይፈታል?

ዝናብ ነው። ኪሊቤግስ ደግሞ መቼ ዝናብ አጥቶ!
ወንድሜ ካሃል፣ ከወደቡ ዳር፣ ቆርቆሮ ጋራዥ ገብቶ፣
ጎንበስ ብሎ ከመኪናው ጭራ፣
«ሶርካ፣ ባትሪውን ወደ ግራ፤
ወደ እኔ ግራ እንጂ!» ይለኛል።
ክንዴ ዝሏል፤ ጣቴ ደንዝዞብኛል።

መኪናዪቱ ከእኔ በሁለት ዓመት ታንሳለች፤
የባሕር ጨው እየላሰች ቀለሟን ጨርሳለች።
ከኋላዋ ግን ክንፍ አላት፣ አግዳሚ ወንበር የሚያህል፤
«ለመብረር አይደለም» ይላል ካሃል፣
«በሁለት መቶ ስትከንፍ፣ ነፋሱ ከላይ ተጭኖ
ከመሬት ያጣብቃታል» ይምላል፣ በቃሉ ተማምኖ።
እኔ ግን መንገዱን አውቀዋለሁ፤
እስከ ዶኒጎል ከተማ ከትራክተር ኋላ አዝግሜያለሁ።
ሁለት መቶ ቀርቶ ሰማንያ ገብተን አናውቅም፤
በጎቹም መንገድ አይለቁም።

ክንፉ የታመመው በጥሩ ማዕበል ነው።
መጀመሪያ ቀጭ ቀጭ፣ ኋላ በየጉድጓዱ ቋ!
ሰፈሩ መምጣታችንን ከጥሩምባው በፊት አወቀ።
ካሃል ቴፕ ጠመጠመበት፤ ቴፑ ረጥቦ ወደቀ።
ማስቲሽ ቀባው፤ ማስቲሹ ከነቀለሙ ተላቀቀ።
ይኸው ዛሬ ሊፈታው ተነሣ፤
እኔም ባትሪ ያዥ ሆኜ ተሾምኩ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ምሳ።

ከኋላ ኮፈኑ ሥር በቁልፍ ዳዶውን ያዞራል፤
ዳዶው ሲዞር ብሎኑም አብሮት ይዞራል።
እንደ ሙሽራና ሚዜ ተያይዘው ይሽከረከራሉ፤
አይጠብቁ፣ አይላሉ።
ከፕላስቲኩ ሆድ ውስጥ ብሎኑን የጨበጠው ናስ
ተነቅሎ በባዶ ቤት ይመላለስ…
ካሃል ቁልፉን ጣለ። መሬት ላይ ቁጭ አለ።
«የጠበቀማ ይፈታል፤
የላላ እንዴት ይፈታል?»

«ንቀለውና እንገላገል» አልኩት።
«ብነቅለው ቀዳዳው ይቀራል፤
ዝናቡ ደግሞ ቀዳዳ ያውቃል።»
ምን እለዋለሁ? ዝም አልኩት።

የመጋዝ ምላጭ አመጣ፣ ያለ እጀታ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣
በክንፉና በኮፈኑ መሃል በጠባቧ ክፍተት አሹልኮ፣
ሳብ፣ ገፋ፣ ሳብ፣ ገፋ። ምሽቱ በዚያ አለቀ።
ብሎኑ በስተመጨረሻ እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰነጠቀ።

ክንፉን ገልብጠን አየነው።
በናሱ ዙሪያ፣ በሙጫ ተጋግሮ፣
አረንጓዴ ክር፣ የመረብ ክር፣ ተቋጥሮ!
አንድ ሰው፣ ከእኛ በፊት፣ እዚሁ ቦታ ተቸግሮ።

ግራንያን ጠራናት፤ ከማዶ መረብ ትጠግናለች።
መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ክሩን በጥፍሯ ፈለፈለች።
«የእኔ ቋጠሮ አይደለም። የግራኝ ነው፤
ግን የዋዛ እጅ አይደለም፣ ይህን ያህል ዘመን የያዘው።»
ከዚያ ግራኞቹን በጣቷ ቆጠረች፦
አንዱ ሞቷል፤ አንዱ ኖርዌይ ነው፤
ሦስተኛውን ስሙን ዋጥ አድርጋ
«ሻይ ጥጃለሁ» ብላ ሄደች።

በማግስቱ ትራፓኖ ጮኸ። ካሃል የበሰበሰውን ፈልፍሎ ጣለ፤
የላሜራ ቁራጭ ቆርጦ፣ አዲስ ብሎን በዚያ ላይ ተከለ፤
ሰፊ ሮንዴላ ከሥር፤ ውኃ እንዳይገባ ደግሞ
የአባታችንን አሮጌ የዓሣ ቦቲ ጎማ ቀደመ፣ ቆረጠ፤
ሁለቱን ሙጫ አዋሕዶ ከማፍሰሱ በፊት
አየሁት፤ ያችን አረንጓዴ ክር
በብሎኑ አንገት ሦስት ጊዜ ጠመጠመ።
እንዳየሁት አላወቀም። ባትሪውን ወደ ግራ አዞርኩ፣ ወደ ራሴ ግራ።

ሌሊቱን ሙሉ ሙጫው ደረቀ።
ጧት ወጣን። ጉድጓዱ መጣ፦ ዝም።
ሁለተኛው፦ ዝም። በጎቹ ቀና ብለው አዩን።
ካሃል ከንፈሩን ነከሰ፣ እንዳይስቅ፣
መሪውን ደግሞ ጥብቅ።

ያኔ፣ ጸጥታው መሃል፣ ከሆዷ ሥር፣ ከወደ ጭስ ማውጫው፣
ለካ ክንፉ ሲጮህ ሳንሰማው የኖርነው፣
ቀጭ… ቀጭ…
«አንቺ» አለኝ ካሃል፣ «ባትሪው ድንጋይ አለው?»